እማማን ከልጃቸው የለየ ወንበር

የጎንደር ልጆች በምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የቤት ኪራይ፣ ሰርግና የጥምቀት ሰሞን የሆቴል ዋጋ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ልጅ ስለ አውሮፕላን ወንበር ጽፎ ሰዉን ሁሉ አነቃነቀው። እኔ አንብበው ዝም ከሚሉት ወገን ነኝ። ይሄኛውን ክር፣ ማለትም ጽሑፉንና ከሥሩ የተደረደሩትን ምላሾች፣ ግን ላላዩት ሳልተርክ ማለፍ አልሆነልኝም።

ክሩን የከፈተው ልጅ ያደገው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው፤ አሁን አሜሪካ ይኖራል። እናቱን ለልጁ ክርስትና ሊወስዳቸው ነበር የመጣው። እማማ ከ70 አልፈዋል፤ እግራቸው ያብጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ደላ ብሏቸው ይሂዱ ብሎ ለሁለቱም አንደኛ ማዕረግ ቆረጠ። ከአዘዞ፣ ከጎንደር አየር ማረፊያ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ስሙን ባልጠቀሰው የውጭ አየር መንገድ ቀጠሉ። ቲኬቱን ሲገዛ በወንበሩ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ሊሳፈሩ ሲሉ ግን አውሮፕላኑ ተቀይሯል። በተቀየረው አውሮፕላን ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ግድግዳና ተንሸራታች በር ያለው ትንሽ ክፍል ነው። እናት በግራ መስኮት በኩል፣ ልጅ በቀኝ መስኮት በኩል ሆነ። መሃላቸው ሁለት መተላለፊያና ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች አሉ።

የሌሊቱን ነገር ልጁ አንድ በአንድ ጽፎታል። ወንበሩ ወደ መስኮቱ ዞር ያለ ስለሆነ እማማ ሰው አይታያቸውም። ነጠላቸው በሩ የሚንሸራተትበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተያዘ፤ አስተናጋጇ ተንበርክካ ስታላቅቅላቸው እሳቸው ይቅርታ ይለምናሉ። እግር የሚዘረጋው ከፊት ባለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። ያበጠ እግራቸውን እዚያ ውስጥ አላስገባም አሉ። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ዳቦ ቆሎ የያዘውን ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ እንዳሉ አነጉ። ልጁ እየተነሳ ሊያያቸው ሲመጣ ዙሪያውን ሰው ተኝቷል፤ ማውራት አልተቻለም። ስለዚህ ልጁ ፍርዱን ሰጠ፦ የፊተኛው ክፍል አቀማመጥ በተለወጠ ቁጥር ምቾቱ እየባሰበት ነው፤ ድሮ ይሻል ነበር። ጥያቄውም ይኼው ነው፦ እማማ ሲመለሱ ምን ዓይነት ወንበር ይያዝላቸው?

1ኛው ምላሽ የጨዋ ነው። ልጁ በእድገት ይደግ ብሎ መረቀ፣ የእማማን ጤና ጠየቀ፣ ስለ ወንበሩ ምንም አላለም። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ ባይኖርም ቅር ይላል።

2ኛው አራሚ ነው። አንተ አንደኛ ማዕረግ የምትለው ከሱ ቀጥሎ ያለው ቢዝነስ ክላስ ነው አለው። የኛ አየር መንገድ ራሱ አንደኛ ማዕረግ የለውም፤ የፊተኛው ክፍሉ ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስ ነው። እውነተኛው አንደኛ ማዕረግ በየአገሩ እየሳሳ ሄዷል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከረጅም በረራዎቹ ላይ እንደሚያነሳው ተናግሯል፤ ደንበኛው ስለማይገዛው ነው። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ቁጥሩን ቀንሰው ቦታውን አሰፉት። ኤሚሬትስ በ2017 በቦይንግ 777 ላይ ስምንት የነበረውን ስድስት አደረገው። የሲንጋፖር አየር መንገድ በዚያው ዓመት በኤርባስ ኤ380 ላይ ከ12 ወደ ስድስት አወረደው። እነዚያ ክፍሎች ውስጥ የገባ ሰው ስለ እግር ሳጥን አያማርርም ባይ ነው።

ክር ከፋቹ በ3ኛው ተመልሶ መጣ፤ ቆጣ ብሏል። የከፈለው ገንዘብ ስሙ ምንም ይሁን ምን ከአንድ ባጃጅ ዋጋ እንደማያንስ ነገረው። ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ንዴቱ ግን ይገባኛል። እናቱ እንቅልፍ አጥተው ያነጉበትን ሌሊት ጽፎ የስም እርማት ነው የተሰጠው።

ክሩን ክር ያደረገው 4ኛው ነው። ሰውየው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ጠፍጣፋ አልጋ የሚሆን ወንበር በ1990ዎቹ አጋማሽ በብሪቲሽ ኤርዌይስ አንደኛ ማዕረግ ታየ። በ2000 ያው አየር መንገድ ለቢዝነስም አወረደው። ቢዝነሱ አልጋ ካገኘ አንደኛ ማዕረጉ በምን ይለይ? ግድግዳና በር ተጨመረለት። በ2017 ደግሞ የኳታር አየር መንገድ በሩንም ለቢዝነስ ሰጠው። በሌላ አነጋገር እማማ ያነጉበት ክፍል የአንደኛ ማዕረግ ልጅ ነው፤ ባሕርዩን ወርሷል፣ ስፋቱን ግን አልወረሰም።

ስፋቱ ለምን ጠበበ? ድሮ በሰፊው አውሮፕላን የቢዝነስ ወንበር ሁለት ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ማለትም በግራ ሁለት፣ በመሃል ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣ ነበር የሚደረደረው። በመስኮት በኩል ያለው ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ የጎረቤቱን እግር መሻገር ግድ ነው፤ ጎረቤቱ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ መከራ ነው። ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይውጣ ሲባል ድርድሩ አንድ ሁለት አንድ ሆነ። በረድፍ ስድስት የነበረው ወንበር አራት ሲሆን አየር መንገዱ ያጣውን ከርዝመቱ ማካካስ አለበት። ስለዚህ ወንበሩን ሰያፍ አዞሩት፤ ወይም የአንዱን እግር ከፊቱ ካለው ሰው የጎን ጠረጴዛ ሥር ከተቱት። ሳጥኑ የመጣው ከዚህ ነው። ትከሻህ ጋ ሰፊ፣ እግርህ ጋ ጠባብ።

እናትና ልጅን የለየው ነገር ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው ይላል። ሁለት ሁለት ሁለት በሆነው ድርድር በግራ በኩል ኤ እና ሲ የሚባሉ ወንበሮች አሉ። አንድ ሁለት አንድ ሲሆን በግራ ያለው ኤ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሲቀየር የኤ ተሳፋሪ ቦታውን ይይዛል፤ የሲው ተሳፋሪ ግን ወንበር ስለሌለው ኮምፒውተሩ ባገኘው ቦታ ይጥለዋል። እናት ይሁን ባዳ ማሽኑ አያውቅም። ይህንን ሳነብ፣ ለምን እስካሁን ማንም አልነገረንም አልኩ። ብዙ ሰው የተለያየው ሆን ተብሎ ይመስለዋል፤ ካውንተር ላይ ካለችው ልጅ ጋር የሚጣላውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ አገራዊ ምሳሌ አመጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤ350-900 በቢዝነሱ 30 ወንበር አለው፤ ሁለት ሁለት ሁለት። በ2024 መጨረሻ የገባውና ለአፍሪካ የመጀመሪያው የሆነው ኤ350-1000 ግን 46 የቢዝነስ ወንበር ይዞ አንድ ሁለት አንድ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ነጋዴ አዲሱ ይሻለዋል፤ እማማን ይዞ ለሚሄድ ግን የቆየው ይሻላል ብሎ ደመደመ።

5ኛዋ ነርስ ናት። እግራቸው ለሚያብጥ ሰው ዋናው ነገር የወንበሩ ዓይነት ሳይሆን እግር ከፍ ማለቱና በየጊዜው መንቀሳቀሱ ነው አለች። ቁጭ ብሎ ማንጋት ግን መጥፎ ነው፤ ለዚያ ለዚያማ ኢኮኖሚ በቂ ነበር። በር ተዘግቶ መቀመጡ ላይ ግን ከልጁ ጋር ተስማማች። አስተናጋጆቹ ሲያልፉ ሰውየውን አያዩትም። አዛውንት ደግሞ ቁልፍ ተጭነው ሰው አይጠሩም፤ ሰው ማስቸገር ይመስላቸዋል። አገራችን ስንት ሕመምተኛ እንዲህ በይሉኝታ እንደሚያመው ታውቀዋለች መሰለኝ።

6ኛዋ መጣችና ሁሉንም ገለበጠችው። ለሥራ ብቻዋን ትበራለች። ድሮ ሁለት ሁለት በነበረ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ከማታውቀው ወንድ ጎን፣ ክንድ ለክንድ ተነካክታ ትተኛ ነበር። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ወሬ ይጀምራል፣ አንዱ ስልኳን ያያል። አሁን በሩን ትዘጋለች፣ ሻሿን ትፈታለች፣ ትተኛለች። ልጇን ባጠባችበት ጊዜ ደግሞ ያች በር ከምግቡም ከወይኑም በላይ ነበረች። የእናንተ እናት አልተመቻቸውም ብላችሁ የኛን በር አትንቀሉ ብላ ጨረሰች። ከክሩ ሁሉ ጠንካራው ሙግት ይሄ ይመስለኛል።

7ኛው ግን ልቡ አልራራም። ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ቤቱ ይተኛ፤ ጉዞ ከሰው ጋር ነው አለ። 8ኛዋ ራሷ 6ኛዋ ናት። እሱ በሕይወቱ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተኝቶ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም።

ከ9 እስከ 12 ክሩ ወደ ሻንጣ ዞረ። የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንዱ በአዲሶቹ የፊተኛ ክፍሎች ከመሃል ወንበሮች በላይ የነበረው የዕቃ መደርደሪያ በአንዳንድ አየር መንገዶች እንደተነሳ ጻፈ። ጣሪያው ከፍ ብሎ እንዲታይ ነው። ያምራል፤ ግን መሃል የተቀመጠ ሰው ዕቃው ያለው ሌላ ሰው ራስ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ቅቤ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር፣ በርበሬ በእጅ ይያዛል ወይስ ይጫናል፣ የደምቢያ ጤፍ ስንት ኪሎ ያስገባሉ፤ ጭቅጭቅ። ቅቤ ከቀለጠ ፈሳሽ ነው ያለው ሰው ትክክል ነው፤ የቀረውን ዘልዬዋለሁ።

13ኛው አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እናንተ በር አለ የለም ትጣላላችሁ አሉና ወደኋላ ወሰዱን። አየር መንገዱ በ1946 በረራ ሲጀምር የነበሩት ሲ-47 የሚባሉ የጭነት አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ናቸው። ወንበራቸው በግድግዳው በኩል በረጅሙ የተዘረጋ፣ የሚታጠፍ የሸራ አግዳሚ ነበር፤ መሃሉ ላይ ጭነት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚሄደው። ጋሼ ይህንን ያወቁት ከአባታቸው ነው። ራሳቸው በወጣትነታቸው ወደ ጎንደር የመጡት በዲሲ-3 አውሮፕላን ነው፤ በዚያን ጊዜ መስመሩ በየከተማው እያረፈ፣ በቆመ ቁጥር አንዱ እየወረደ ሌላው እየተሳፈረ ነበር። ማን ከማን እንደተቀመጠ አያስታውሱም፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴት ለአየሩ መታመም ሎሚ ሰጥተዋቸው እንደነበር ግን ያስታውሳሉ። ለጋሼ ብዙ ሰው አመስጋኝ ምልክት አስቀመጠላቸው።

14ኛው ሳይንስ ይዞ ገባ። ወንበሩን ተዉት፣ ምቾት ማለት አየሩ ነው ብሎ። ቦይንግ 787 እና ኤ350 በውስጣቸው ያለው ግፊት ቢበዛ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። የቆዩት ግን እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳሉ። የአዲሶቹ አካል ከአሉሚኒየም ሳይሆን በአመዛኙ ከካርቦን ቃጫ የተሠራ ስለሆነ ዝገት አይፈራም፤ አየሩም ትንሽ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእነዚህ የሄደ ሰው ሲወርድ ራስ ምታቱና የጉሮሮው መድረቅ ሊቀንስለት ይችላል አለ።

15ኛው በሳቅ መለሰለት። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300። እማማ በ787 ሰማይ ላይ ሲወጡ ከማራኪ ቁልቁል ወርደው ነው የሚተነፍሱት። ይህ ለለንደን ሰው የተሸጠ ምቾት ለኛ ሰው ትርጉሙ ያንሳል ነው ያለው። እርጥበቱን ግን አልካደም። ቀጥሎ ጥሩ ነጥብ አነሳ፦ አውሮፕላኖቹ ጸጥ ባሉ ቁጥር ድሮ በሞተር ጩኸት የተዋጠው ሁሉ ይሰማል። የምግብ ማዘጋጃው ትሪ፣ የመጋረጃው ቀለበት፣ የሽንት ቤቱ በር። ስለዚህ የፊተኛው ረድፍ እግር ቢያስዘረጋም ለሚነቃ ሰው አይሆንም።

በ16ኛው ክሩ ተቃጠለ። አንዱ ከአራዳ ገበያ መጥቶ የጻፈ ይመስላል። ጤፍ እንዲህ በተወደደበት፣ ነዳጅ በሰልፍ በሚቀዳበት፣ ወጣቱ ሥራ ባጣበት አገር ስለ ቢዝነስ ክላስ በር ትጽፋላችሁ፣ ሰማይ አይፈርድባችሁም ወይ አለ። 17ኛው በዚያው ቋንቋ መለሰ፤ አንዳንዱን ቃል አስተባባሪው አጥፍቶታል። ከተረፈው የገባኝ፣ ልጅ ለእናቱ ያወጣውን ገንዘብ የሚቆጥር ሰው የራሱን እናት መቼ እንዳያት ይንገረን የሚል ነው። 18ኛው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ሲያስጨንቅ ስንቱ ችግረኛ ተበድሮ እንደሚበር አስታወሰ። በመካከል ያለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ መድረኩ ግን ያን ዕለት አልቻለውም። አስተባባሪው በ19ኛው ስለ ወንበር ብቻ ጻፉ ብሎ አስጠነቀቀ።

20ኛው የጥገናው ባለሙያ ነው፤ በሩ ላይ ተመለሰ። አውሮፕላኑ ሲንደረደር፣ ሲነሳና ሲያርፍ በሩ ክፍት ሆኖ መቆለፍ አለበት፤ ሰው በአደጋ ጊዜ እንዳይዘጋበት። ስለዚህ አስተናጋጇ በሩን ክፍት ተዪልን ብትባል ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው ይቻላል። ለእማማ ይህን የነገራቸው የለም። ስለ ክብደትም ጨመረ። በር፣ ግድግዳና ሞተር ያላቸው ወንበሮች ይከብዳሉ። የስዊዘርላንዱ አየር መንገድ ስዊዝ በኤ330 ላይ ያዘጋጀው አዲሱ የፊተኛ ክፍል አፍንጫውን ስላከበደው ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ማስቀመጥ ግድ ሆኗል። ይህን የሚሸከመው ነዳጅ በቲኬቱ ላይ ይመጣል። በሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ብረት እየተሸከመ ከኋላ ድንጋይ ሲጫን አስቡት።

21ኛው ደግሞ ለልጁ ቁጣ የሚሆን ማጽናኛ አቀበለ። ሉፍታንዛ በ2024 ባስገባው አዲስ አንደኛ ማዕረግ መሃል ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ክፍል ሠርቷል። በሲንጋፖርም ሁለት ክፍል አንድ ይሆናል። ሰውን ከሰው የለዩት መልሰው እየሸጡት ነው አለ፤ ዋጋውን ግን ማን ይችለዋል። እኔም የምስማማው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው የፊተኛ ክፍል የተነደፈው ብቻውን ለሚሄድ፣ ቁልፍ መንካት ለለመደ ጤነኛ ሰው ነው። ለዚያ ሰው በእርግጥ ተሻሽሏል፤ 6ኛዋ ልክ ናት። ከኛ አገር የሚሳፈረው ግን ብዙውን ጊዜ እናቱን ያስከተለ ልጅ ነው፤ ለእነሱ የጎረቤት ወንበር መጥፋቱ እንደ ጉዳት ነው የሚቆጠረው።

በ22ኛው ነርሷ ተመልሳ ምክር ሰጠች፤ የመሃሉን ጥንድ ያዙ፣ መሃላቸው ያለው ግድግዳ ዝቅ የሚል መሆኑን ጠይቁ አለች። ባለሙያው በ23ኛው አስተካከላት። ድርድሩ በየረድፉ የሚቀያየር ከሆነ አንዱ ረድፍ ላይ ጥንዱ ይቀራረባል፣ ከኋላው ያለው ረድፍ ላይ ይራራቃል፤ ስለዚህ ሥዕሉን አስፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ከበረራው ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ደግሞ የአውሮፕላኑን ዓይነት እንደገና ማረጋገጥ፣ ከተቀየረም እዚያው ደውሎ ወንበር ማስተካከል፤ ካውንተር ላይ ሲደርሱ መሃሉ ጥንድ አልቋል።

ክር ከፋቹ በ24ኛው ለመመለሻው ኤ350-900 የሚበርበትን ቀን መርጦ ሁለት ጎን ለጎን ወንበር እንደያዘ ጻፈ። እማማ መተላለፊያው በኩል፣ እሱ መስኮት በኩል፤ መሻገሩን እሱ ይሻገር። 2ኛው፣ ያ አራሚው፣ በ25ኛው ይቅርታ ባይጠይቅም ለእማማ መልካም ጉዞ ተመኘላቸው። አሁንም ግን ቢዝነስ ነው ሲል አልተወውም።

26ኛው ከላይ ያለውን አንድ መስመር ያላነበበ ሰው ነው። ለጥምቀት ሊመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር በሚሄደው አውሮፕላን ላይ አልጋ የሚሆነው ወንበር የትኛው ረድፍ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ። 27ኛው መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለር ኪው400 በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር ብቻ እንዳለው፣ ክንፉ ከላይ ስለሆነ ወደ ታች ለማየት እንደማይጋርድ፣ መተኛት ከፈለገ ግን ከፕሮፔለሩ ትይዩ ካለው ረድፍ ራቅ ብሎ እንዲይዝ ነገረው። 28ኛው ደግሞ ለጥምቀት ቲኬት ገና አሁን እያሰብክ ነው ወይ ብሎ ሳቀበት።